አልታወቁም፣ እንደገና ይሞክሩ

«ፈጥሮ ነው» የሚል ሰው ካለ አልጣላውም። ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም እንደዛ ነበር የምለው።

ግን የሆነ ነገር ነው። በእኔ ላይ፣ በእናቴ ቤት ውስጥ የሆነ።

ደግሞ እንደለመዳችሁት ሌሊት አይደለም። መብራት አልጠፋም፣ ውሻ አላላዘነም። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ፀሐይ ወጥታ፣ ሰው ሁሉ ምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ የፋብሪካ በር ላይ ተሰልፎ...

እኔን የሚያስፈራኝም ይሄው ነው። ሁላችንም እያየን ነበር።

አሁን የምጽፈው እማዬ እየቀለለች ስለሆነ ነው። ትናንት ከሶፋው ላይ ሳነሳት እንደ ትራስ ቀለለችኝ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፤ ምክር ብቻ ለመስጠት የሚቸኩል ግን ይለፈኝ።

የምሠራው የፕላስቲክ ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ባልዲ፣ ጆግ፣ የልጆች ፖፖ እናመርታለን። እኔ ኮምፒውተር ነው የምጠግነው። ገመድ በእግሩ ነቅሎ «ተበላሸ» የሚል ሁሉ እኔን ይጠራል።

በሩ ላይ የሠራተኛ መግቢያ ሰዓት የምትመዘግብ ማሽን አለች። ፊትህን ታሳያታለህ፣ ፎቶ ታነሳሃለች። ካወቀችህ አረንጓዴ ታበራና በሴት ድምፅ «እናመሰግናለን፣ ይግቡ» ትላለች። ካላወቀችህ ቀይ ታበራና «አልታወቁም፣ እንደገና ይሞክሩ» ትላለች።

ሠራተኛው ስም አውጥቶላታል። እትዬ ይግቡ።

እትዬ ይግቡ መጀመሪያ ላይ ነገረኛ ነበረች። ሁሉንም ሰው የምታስተያየው በመጀመሪያው ቀን ካነሳችው ፎቶ ጋር ነበር። ሹሩባ የተሠራች መጣች... አልታወቁም። ጢሙን የተላጨ መጣ... አልታወቁም። አንዱ ጥርሱን አሞት ጉንጩ አብጦ መጣና ግማሽ ቀን ውጭ ዋለ። ሰልፉ አስፋልቱ ድረስ ደረሰ።

ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ።

«አንድ ነገር አድርጋት እንጂ» አለኝ። «ሰው እኮ ይለዋወጣል።»

አደረግኳት። ከዚያ ወዲህ ዛሬ ያሳለፈችው ፊት የነገ ማስተያያ ይሆናል። የዛሬው ከትናንቱ ጋር ይመሳሰላል? አዎ። ይግቡ። የነገው ደግሞ ከዛሬው ጋር... እንዲህ እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

ረጅሙ ሰልፍ ቀረ። «አልታወቁም» የሚለውን ድምፅ ረሳነው። ሥራ አስኪያጁም ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ አመሰገነኝ።

አሁን ወደ ቤት ልውሰዳችሁ።

የምንኖረው ሦስት ነን። እናቴ፣ ታናሽ እህቴና እኔ። ቤታችን ከፋብሪካው ቅርብ ነው፤ የተቀዳ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ይደረሳል። እህቴም እዚያው ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ነው የምትሠራው።

እማዬ ሁለታችንንም በስማችን ጠርታን አታውቅም። እህቴ ስትስቅ ግራ ጉንጯ ስርጉድ ስለሚል ስርጉዴ ናት። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ፊቴን ስለማኮሳትር ኮስትሬ ነኝ። በሁለቱ ቅንድቦቼ መሀል ያለችውን መስመር በአውራ ጣቷ እየዳበሰች «እቺን መስመር ያሰመረብህ ማነው?» ትለኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት ካለፈኝም በኋላ ትለኝ ነበር።

እማዬ ታማለች። የመርሳት በሽታ ነው። የድሮው ሁሉ አለ፤ አዲሱ ግን አይያዝላትም። ዛሬ ያየችው ነገ የለም። እኛን ግን አልረሳችንም። ለእሷ እኛ ከመታመሟ በፊት እንደነበርነው ነን።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ እጄን ያዘችና ወደ ራሷ ሳበችኝ።

«ኮስትሬ።»

«አቤት እማዬ።»

«ይቺ ልጅ ማናት?»

በአገጯ ወደ ማድ ቤት አሳየችኝ። እህቴ ጀርባዋን ሰጥታን ሳህን ታጥባለች።

«ስርጉዴ ናት እኮ።»

«ዝም በል... ትሰማሃለች።»

«እማዬ...»

«ቀስ ብላ ነው የገባችው» አለችኝ። «በጣም ቀስ ብላ።»

ያኔ አልፈራሁም። አዘንኩ እንጂ። ሐኪሙም ነግሮን ነበር፤ «አንድ በአንድ ትረሳችኋለች፣ የሚጠበቅ ነው» ብሎ፣ የአየር ትንበያ እንደሚያነብ ሰው። እህቴ ማድ ቤት ገብታ አለቀሰች። ውሃውን ከፍታ ነው ያለቀሰችው፣ እንዳንሰማት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ ከእህቴ እጅ አልበላም አለች።

ልጆች ሳለን «ከማታውቁት ሰው እጅ ምንም እንዳትቀበሉ» ብላ ነው ያሳደገችን። ይሄን አልረሳችውም። እህቴ ማንኪያ ስታቀርብ ከንፈሯን ግጥም ታደርጋለች። ጎረቤታችን ሞከረች፣ እምቢ። ነርስ አስመጣን፣ እምቢ። ማንኪያውን እኔ ስይዘው ግን አፏን ትከፍታለች።

ምሳ ሰዓት በደረሰ ቁጥር ወደ ቤት እሮጣለሁ። ሳበላት አንድ ነገር ብቻ አስባለሁ። እኔንም ከረሳችኝ እናቴ በረሃብ ልትሞት ነው።

በዚያ ሰሞን ሰው ሁሉ ፊቴን ያደንቅልኝ ነበር። የበሩ ዘበኛ፣ ቁልፎቹ ከሩቅ ስለሚንኳኩ ጋሽ ቁልፉ የምንለው ሰውዬ፣ አንድ ጠዋት ሻዩን እየጠጣ አየኝና ሳቀ።

«ምን አገኘህ አንተ? ፊትህ ተፈታ እኮ።»

«ምንም አላገኘሁም ጋሼ።»

«ደበቅከን እንጂ። ድሮ ስታየኝ ሌባ የያዝክ ነበር የምትመስለው።»

ሳቅን። ገባሁ። አረንጓዴ... ይግቡ።

አንድ ማክሰኞ የእትዬ ይግቡ ሆድ ሞላ። ያነሳቻቸውን ፎቶዎች በሙሉ አጠራቅማ ቦታ ጨርሳለች። የቆዩትን ለመሰረዝ ከፈትኩ። ሥራው አሰልቺ ስለሆነ በማውቀው ሰው ልጀምር ብዬ እህቴን መረጥኩ።

ከመጀመሪያው ፎቶ ጀምሬ አንድ በአንድ እያለፍኩ አየሁ። እህቴ። እህቴ። እህቴ። አንዳንዱ ላይ እንቅልፍ አልለቀቃትም፣ አንዳንዱ ላይ ስታዛጋ ተይዛለች። የመጨረሻው የዚያን ዕለት ጠዋት ነበር። እሷው ናት።

ወደ መጀመሪያው ለመመለስ አንድ ቁልፍ ስጫን ሁለቱ ጎን ለጎን ተከፈቱ።

የመጀመሪያውና የመጨረሻው።

እጄ ቁልፉ ላይ ቀረ።

በግራ በኩል ያለችው እህቴ ናት። ቢጫ ሹራቧን ለብሳለች፤ ፈገግ ብላ ስርጉዷ ይታያል። በቀኝ በኩል ያለችው...

በቀኝ በኩል ያለችው ሌላ ሴት ናት።

የምታምር ሴት ናት። ዓይኖቿ ትንሽ ይራራቃሉ፣ አገጯ ሾል ይላል። ጠዋት አብሬያት ቁርስ በልቻለሁ። በሕይወቴ አይቻት የማላውቅ ሴት ናት።

የት ላይ እንደተለወጠች ለማግኘት እንደገና አንድ በአንድ አየሁ። ተከታትለው የተነሱ ሁለት ፎቶዎች አይለያዩም። ማክሰኞ ሰኞን ትመስላለች፣ ረቡዕ ማክሰኞን። «እዚህ ጋ ነው» የምልበት ቦታ የለም። ወደ ኋላ ሄድኩ፣ ወደ ፊት መጣሁ... የለም።

ጋሽ ቁልፉን ጠራሁት።

«ጋሼ፣ እነዚህ እነማን ናቸው?»

መነጽሩን አጠለቀ። «ይቺ እህትህ ናት» አለ፣ በቀኝ ያለችውን እያሳየኝ። ግራውን ትንሽ አየው። «ይቺን አላውቃትም። ሥራ ፈላጊ ናት?»

ፎቶዎቹን ዘጋኋቸው።

ያን ዕለት ማታ ማድ ቤት ገባሁ። እህቴ ሽንኩርት ትከትፋለች። በሩ ላይ ቆሜ አየኋት።

«ምን ሆነሃል?» አለችኝ ዞር ሳትል።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጆች ሆነን የእማዬን መስታወት የሰበረው ማን ነበር?»

«አንተ። እኔ ላይ አላከክኸው። እኔ ተገረፍኩ።»

ትክክል ነበረች። እሷና እኔ ብቻ የምናውቀውን ነው የተናገረችው። የማላከኬን ነገር ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ሳቀች። ጉንጯን አየሁ። ልሙጥ ነው።

«ስርጉድሽስ?» አልኳት።

«የምን ስርጉድ?»

«ስርጉዴ የምንልሽ እኮ...»

ቢላዋውን አስቀመጠች። ግራ ጉንጯን በጣቷ ጫን ጫን አደረገችው። ግራ የገባት ትመስል ነበር።

«እሱን ብዙ ጊዜ ልጠይቃችሁ እያልኩ እረሳዋለሁ» አለች በሹክሹክታ። «ለምንድነው ግን እንደዛ የምትሉኝ?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ክፉ ነገር አላየሁባትም። እንደ እህቴ ታወራለች፣ እንደ እህቴ ትቆጣኛለች፣ ለእማዬ እንደ እህቴ ታለቅሳለች። ራሷም የምታውቅ አይመስለኝም። እንዲህ ባይሆን ኖሮ አንቄ «እህቴን የት አደረስሻት?» እላት ነበር። ማንን ነው የማንቀው?

የዚያኑ ማታ እማዬን ሾርባ አበላኋት። ማንኪያውን ሳቀርብላት ወዲያው አልተቀበለችኝም። ቆየት ብላ አየችኝ። ቅንድቤን አየች፣ አፌን አየች... ከዚያ አፏን ከፈተች።

«ደክሞሃል» አለችኝ። ኮስትሬ አላለችኝም።

በማግስቱ ጠዋት እማዬ ተኝታ ነበር። ቁርሷን ሳላበላት ወጣሁ፤ ቶሎ እመለሳለሁ ብዬ ነው። አንድ ነገር ሳላረጋግጥ መቀመጥ አልቻልኩም።

ማንም ሳይመጣ ማሽኗን ከፈትኳት። የራሴን ማስተያያ አወጣሁና በቦታው የመጀመሪያ ቀን ፎቶዬን መለስኩ። ፎቶውን አየሁት። እኔ ነኝ። ሰማያዊ የሥራ ካፖርቴን ለብሻለሁ፣ ፊቴን አኮሳትሬያለሁ። ምንም የተለየ ነገር አልታየኝም። ተመስገን አልኩ።

ከዚያ ፊት ለፊቷ ቆምኩ።

ቀይ።

«አልታወቁም፣ እንደገና ይሞክሩ።»

ፊቴን ጠረግኩ። ጠጋ አልኩ።

«አልታወቁም፣ እንደገና ይሞክሩ።»

ፎቶው ላይ እንዳለው ልኮሳተር ብዬ ግንባሬን ሰበሰብኩ። ግንባሬ እሺ አላለኝም። ቆዳው የት ጋ እንደሚታጠፍ ረስቶታል።

«አልታወቁም...»

ጋሽ ቁልፉ እየሳቀ መጣ። «እትዬ ይግቡ ዛሬ ደግሞ በአለቃዋ ላይ ጨከነች?»

የማሽኗን ስክሪን አዞርኩለት። «ጋሼ፣ ይሄን ሰውዬ ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም። አዲስ የሚቀጠር ነው?» ፎቶዬን ጠጋ ብሎ አየው። «ኮስታራ ነገር ነው።»

ቢሮዬ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ያኔ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ። እትዬ ይግቡ የምታነሳው ያሳለፈቻቸውን ብቻ አይደለም። ያላሳለፈቻቸውንም ታነሳለች። ለብቻ ነው የምታስቀምጣቸው። ማንም «አልታወቁም» ስለማይባል ከፍቼው አላውቅም ነበር።

ባዶ ይሆናል ብዬ ከፈትኩት።

ሙሉ ነው።

ቢጫ ሹራብ የለበሰች ሴት። በየጠዋቱ፣ ሰው ከመሰለፉ በፊት፣ ማሽኗ ፊት ቆማለች።

ስርጉድ ያላት እህቴ።

መጀመሪያዎቹ ላይ ፈገግ ብላለች፣ ማሽኗ የተሳሳተች መስሏት። ቀጥሎ ፊቷን ጠጋ አድርጋ። ቀጥሎ ምሳ ዕቃዋን ከፍ አድርጋ እያሳየች። ክረምት ሆነ፣ ሹራቡ በስብሷል። ከኋላዋ ጋሽ ቁልፉ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሻዩን ይጠጣል፤ ወደ እሷ እያየ። አያያትም።

ከስታለች። የቅርቦቹ ላይ ፈገግታው የለም። ግራ ጉንጯን በእጇ ይዛ እያሳየች ነው። እዩኝ፣ እኔ ነኝ እንደሚል ሰው።

የመጨረሻዎቹን ከፈትኩ።

ብቻዋን አይደለችም። ከጎኗ አንድ ሰውዬ አለ። ሰማያዊ ካፖርት ለብሷል። በቅንድቦቹ መሀል መስመር አለው። እጇን ይዟታል።

እንዴት ከዚያ እንደወጣሁ አላስታውስም። ወደ ቤት እየሮጥኩ የማስበው አንድ ነገር ነው። ቁርሷን አልበላችም። ቁርሷን አልበላችም...

በሩን ከፍቼ ገባሁ። እማዬ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላለች። ስታየኝ ሻሿን አስተካከለች። ቀሚሷን ወደ ጉልበቷ ሳብ አደረገች። እንግዳ ሲመጣ የምታደርገውን ነው።

«ጤና ይስጥልኝ» አለችኝ። «ማንን ፈልገው ነው?»

እናቴ በሕይወቷ «እርስዎ» ብላኝ አታውቅም።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ።»

ፈገግ አለች። የጨዋ ፈገግታ ነበር። «ይቀመጡ። ልጄ አሁን ይመጣል።»

ዳቦና ወተት አመጣሁ። ፊት ለፊቷ ተንበረከክኩ። ቁራሽ ዳቦ አቀረብኩላት። ከንፈሯን ግጥም አደረገች። የተራበች እንደሆነች ከዓይኗ ይታወቃል። ዳቦውን እያየችው ምራቋን ዋጠች።

«አይቀየሙኝ» አለች። «ከማላውቀው ሰው እጅ አልበላም።»

ለመንኳት። አለቀስኩ። ኮስትሬ ነኝ አልኳት፣ ስለ መስታወቱ ተናዘዝኩላት። አዘነችልኝ። ለማያውቁት ሰው እንደሚታዘነው ነው ያዘነችልኝ፤ እጇን ግን አልዘረጋችልኝም።

ተስፋ ቆርጬ ሳህኑን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩና ወደ ኋላ ሄድኩ። ምናልባት ብቻዋን ብተዋት ትበላለች ብዬ።

እሷ ግን ከእኔ አልፋ በሩን ታያለች።

«ምነው ውጭ ይቆማሉ?» አለች። «ይክፈቱላቸው እባክዎ።»

«እነማንን?»

«ልጆቼን።»

ከፈትኩ። ማንም የለም። ፀሐዩ ደጃፉ ላይ ወድቋል። ያለ አንድም ጥላ።

ዞር ስል እማዬ ወደ ሶፋው መሀል ተጠግታለች። በግራም በቀኝም ቦታ ለቅቃለች። ፊቷ ላይ ለብዙ ጊዜ ያላየሁት ሳቅ አለ።

«ምነው እንዲህ ከሳችሁ?» አለች በሹክሹክታ። «ብሉ በሉ። ብሉ።»

ዳቦውን ለሁለት ገመሰችው። ግማሹን ወደ ግራ ዘረጋች፣ ግማሹን ወደ ቀኝ።

እጆቿ ባዶ ሆነው ተመለሱ።

መሬቱን አየሁ። ሶፋውን አየሁ። ፍርፋሪ እንኳ የለም። ለራሷ ምንም አላስቀረችም።

ከዚያ ቀኝ እጇን አነሳች። ከጎኗ የተቀመጠ ሰው ግንባር ሊኖር በሚችልበት ከፍታ ላይ አየሩን በአውራ ጣቷ ቀስ አድርጋ መዳበስ ጀመረች... ከላይ ወደ ታች... ከላይ ወደ ታች...

«እቺን መስመር ያሰመረብህ ማነው?» አለችው።